ነጠላችን ማንን ያሳያል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እሑድ ጠዋት ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚያወጣውን መንገድ ያየ ሰው፣ በአርባ ምንጭ የተዋሕዶ ልጆች መኖራቸውን ለማወቅ ነጋሪ አያስፈልገውም። መንገዱ ነጭ በነጭ ነው። እናቶች ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ወጣቶች ጋቢ ደርበው፣ ሕፃናት በአንገታቸው ማዕተብ አስረው ይሄዳሉ። ይህ ውበት ነው፤ አባቶቻችን ያቆዩልን የትሕትናና የንጽሕና ምልክት ነው፤ የሚነቅፈው ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ ለራሱ ደጋፊ አድርጎ እንዳይወስደው አስቀድመን እንነግረዋለን።

ነገር ግን ስለዚሁ ነጠላ አንድ ጥያቄ እናንሣ። ማን ሸመነው?

መልሱ ሩቅ አይደለም። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ተራራ ላይ ዶርዜ አለች። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ከመወርወሪያው ጋር ሲታገሉ ከሚውሉት ሸማኔዎች እጅግ ብዙዎቹ ከዚሁ ከጋሞ ደጋ የሄዱ ናቸው። ለጥምቀት የምንለብሰው፣ ለቁርባን የምንቀርብበት፣ ሙሽሮቻችን በተክሊል የሚደምቁበት ጥበብ የእነርሱ የእጅ ሥራ ነው። አገሪቱ ግን ለዘመናት ልብሱን ለብሳ ሠሪውን ሰደበች። «ሸማኔ» የሚለው የሙያ ስም የንቀት ስም ሆኖ ቆየ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። ከአዋጁ በኋላ መቶ ዓመት ካለፈ ቆየ፤ ስድቡ ግን ዛሬም ከአንዳንዱ ሰው አፍ አልወጣም። እንዲህ ያለው ሰው በተሳደበበት አፉ ሊቀድስ ሲመጣ በትከሻው ላይ ያለው የሰደበው ሰው ሥራ ነው።

እንግዲህ ክርክራችን ይህ ነው። ሰዎች በክርስቲያን ሕይወት ውስጥ እግዚአብሔርን ማየት የሚችሉት፣ ክርስቲያኑ ሌላው ሰው ዝቅ አድርጎ ያስቀመጠውን ወንድም በሚይዝበት አያያዝ ነው። በዚያ ቦታ ካልታየ ነጠላው ነጠላ ብቻ ነው።

ብዙዎቻችን በዚህ ጉዳይ ሁለት የወንጌል ቃላት የሚጣሉ ይመስሉናል። ጌታችን በተራራው ስብከት መልካሙን ሥራችንን ሰዎች አይተው የሰማይ አባታችንን ያከብሩ ዘንድ ብርሃናችን በፊታቸው ይብራ ይላል (ማቴ. 5፥16)። ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ ለመታየት ብለን ጽድቃችንን በሰው ፊት እንዳናደርግ ያስጠነቅቃል (ማቴ. 6፥1)። ታዲያ እንታይ ወይስ አንታይ? የሚጣላ ነገር የለም። በመጀመሪያው ሰው የሚያየው ሥራውን ነው፤ ምስጋናው ወደ አብ ይሄዳል። በሁለተኛው ሰው የሚያየው ሠሪውን ነው፤ ምስጋናውም እዚያው ይቀራል። ሊቀ ነቢያት ሙሴ ከሲና ተራራ ሲወርድ ፊቱ ያበራ ነበር፤ መጽሐፍ ግን ፊቱ እንደሚያበራ ሙሴ አላወቀም ነበር ይለናል (ዘፀ. 34፥29)። ያወቁት ሕዝቡ ናቸው። የእግዚአብሔር መኖር በአንድ ሰው ላይ ሲታይ የመጨረሻው የሚያውቅ ያ ሰው ራሱ ሳይሆን አይቀርም። በአንጻሩ በስልክ እየተቀረጸ ለነዳይ ዳቦ የሚሰጥ ሰው የፊቱን ብርሃን ከሁሉ በፊት ያየው እርሱ ነው፤ ከመለጠፉ በፊት እንኳ ሦስት ጊዜ አይቶታል።

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ እንምጣ።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በቡራዩና በአካባቢው የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሰዎች በብሔራቸው ምክንያት ተገደሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከተጎዱት ብዙዎቹ የጋሞና የሌሎች የደቡብ አካባቢዎች ተወላጆች ነበሩ፤ ሸማኔዎችም ነበሩባቸው። መርዶው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በቁጣ ተነሣ። በከተማዋ በሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆችና በንብረታቸው ላይ የበቀል እጁን ሊያነሣ ወጣ። ይህ ቁጣ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የወንድም ደም ነው።

ያን ጊዜ የጋሞ አባቶች ወጡ። መሣሪያ አልያዙም። እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው በወጣቱ ፊት በጉልበታቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ሥርዓት ሳር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ «ጎሜ» ነው፤ ማለትም በሰውየው ብቻ ሳይቀር በምድሪቱ ላይ መዓት የሚያመጣ በደል። ወጣቱ ቆመ። ተመለሰም። ምስሉ በመላ አገሪቱ ተሠራጨ፤ ያየው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አንድ ነገር እንዳየ ተሰማው። ብዙ ሰው «እግዚአብሔር አገራችንን አልተዋትም» ያለው በዚያ ቀን ነው።

በዚያ ምስል ውስጥ ምን ነበረ? ሽማግሌ ለወጣት ተንበረከከ፤ በእኛ አገር ይህ የተገለበጠ ነገር ነው። ጌታም ለአሳ አጥማጆች ተንበርክኮ እግር ያጠበ ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ የደነገጠው ለዚሁ ነው (ዮሐ. 13፥6-8)። ደግሞም የተጠበቀው ሰው የጠባቂዎቹ ወገን አልነበረም። እነዚያ አባቶች ራሳቸው ሐዘንተኞች ነበሩ፤ ሟቾቹ ልጆቻቸው ነበሩ። ሐዘንተኛ ስለ ሌላው ሰው ቤት መንበርከኩ ከሥጋና ከደም የሚመጣ ነገር አይደለም።

አንዳንድ ወንድሞች በዚህ ጊዜ እጃቸውን ያነሣሉ። «ይህ እኮ ባህል ነው፤ ክርስትና አይደለም። ከእነዚያ ሽማግሌዎች መካከል የእኛ እምነት ያልሆኑ ነበሩ። ሳር መያዝም የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም» ይላሉ። እውነት ነው፤ አይደለም። ግን ጌታችን ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ካህኑንና ሌዋዊውን አሳልፎ ሳምራዊውን በምሳሌነት ያነሣው ለምን ይመስለናል (ሉቃ. 10፥30-37)? በእስራኤል እንኳ ያላገኘውን እምነት በሮማዊው መቶ አለቃ ያገኘውስ (ማቴ. 8፥10)? ቅዱስ ጳውሎስ ሕግ የሌላቸው አሕዛብ የሕግን ሥራ ሲሠሩ ሕጉ በልባቸው ተጽፎ እንደሚታይ ይናገራል (ሮሜ 2፥14-15)። ሳምራዊውን መስማት ለካህኑ ክብሩን አያሳጣውም፤ ካህኑን የሚያሳፍረው ማለፉ ነው። ከዚህ ይልቅ ልባችንን ሊያስጨንቀው የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው። በዚያ ቀን በቁጣ ከወጡት ወጣቶች መካከል ማዕተብ ያሰረ አልነበረም ብሎ ማን ይምላል? ያስቆመው ግን ሳሩ ነው። በአንገቱ ያለው ክር ሊያስቆመው በተገባ ነበር።

ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን የምንቀበል እኛ ከእርጥብ ሳር ያነሰ ልንሠራ አይገባንም ብሎ መናገር ቀላል ነው። ስለዚህ ወደሚከብደው ቦታ እንሂድ። ይህም እነዚያ አባቶች የሚመሩት ባህል ራሱ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ያልተንበረከከለት ሰው አለ የሚለው ነው፤ እኛም እንዲሁ።

በጋሞ ደጋ ሸክላ የሚሠሩት «ማና»፣ ቆዳ የሚያለፉትና ብረት የሚቀጠቅጡት «ደጋላ» ይባላሉ። የዚህ አገር ተወላጅ ሁሉ ቃላቱን በልጅነቱ ሰምቷቸዋል፤ በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚነገሩም ያውቃል። በብዙ ቦታ ከእነርሱ ጋር አይጋቡም ነበር። በአንድ ዕቃ አይበሉም ነበር። በዱቡሻው ሸንጎ ከሌላው እኩል የሚቀመጡበት ቦታ አልነበራቸውም። ሲሞቱም ለብቻ ይቀበሩ ነበር። ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ትምህርት ቤቱ፣ ሕጉ፣ ከተማው አለሳልሶታል። ጋብቻ ሲነሣ ግን የድሮው ቃል ከጓዳ ይወጣል። «ልጁ ጥሩ ነው፤ ግን…» ይባላል። ከዚያ «ግን» በኋላ ያለውን ማንም ጮኾ አይናገረውም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር ልብ በሉ። በዶርዜ ሽመና የተከበረ ሥራ ነው፤ ሸማኔው በአገሩ አይናቅም። አዲስ አበባ ሲሄድ ግን «ሸማኔ» ተብሎ ይሰደባል፤ ስድቡም ያመዋል፤ ሊያመውም ይገባል። ያ ሰው ለበዓል ወደ አገሩ ሲመለስ ሸክላ ሠሪዋን እንዴት ነው የሚያያት? የተናቀ ሰው ንቀትን መጥላት የነበረበት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ግን የሚፈልገው ከእርሱ በታች የሚሆን ሌላ ሰው ነው። ይህ የጋሞ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ በሰሜኑም የአገራችን ክፍል ሸክላ ሠሪውንና ብረት ሠሪውን «ቡዳ» ብለን ያገለልን፣ ልጆቻችንን ከፊቱ የሸሸግን እኛው ክርስቲያኖቹ ነን። እንዲያውም ክርስትና ከሁሉ በፊት በገባበት አገር ይህ መኖሩ ነገሩን ያከብደዋል።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ምን ይላል? ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በማን ቤት ነበር? በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነው (የሐዋ. 9፥43)። ይህን ስም ጮኽ ብለን እናንብበው፤ ዛሬ ሰው ለመስደብ የምንጠቀምበት «ፋቂ» የሚለው ቃል በመጽሐፋችን ውስጥ የሐዋርያት አለቃ ያደረበት ቤት ባለቤት መጠሪያ ነው። በአይሁድ ዘንድ የሞተ እንስሳ ቁርበት የሚነካ ሰው ርኩሰት ያገኘዋል ተብሎ የሚሸሽ ነበር፤ ቤቱም በባሕር አጠገብ መሆኑ ተጽፏል (የሐዋ. 10፥6)። ጴጥሮስ ከሰማይ የወረደውን ጨርቅ በራእይ ያየው፣ ማንንም ሰው ርኩስ ብሎ እንዳይጠራ እግዚአብሔር ያስተማረው በዚያ ቤት ጣሪያ ላይ ሆኖ ነው (የሐዋ. 10፥9-28)። ከዚያ ወርዶ ወደ መቶ አለቃው ወደ ቆርኔሌዎስ ሄደ፤ የአሕዛብ በር ተከፈተ። አሕዛብ ማለት እኛ ነን። ለእኛ ለአሕዛብ የወንጌል በር የተከፈተው ከቆዳ ፋቂ ቤት ጣሪያ ላይ ከሆነ፣ ቆዳ ፋቂን ከማዕዳችን የምናርቀው በምን ሥልጣን ነው?

ሌላም ስምዖን አለን። በጾመ ነቢያት የሚተረከውን የስምዖን ጫማ ሰፊውን ታሪክ የማያውቅ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ አይገኝም። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ፣ የሰናፍጭ ቅንጣት ታህል እምነት ካላችሁ ተራራ አንሡ ተብሎ በክርስቲያኖች ላይ ፈተና በመጣ ጊዜ ፓትርያርኩ አባ አብርሃም ሶርያዊ ከሕዝቡ ጋር ሱባዔ ያዘ። እመቤታችን ተገልጣ ያመለከተችው ግን ጳጳስ አልነበረም፤ ከመነኮሳትም ወገን አልነበረም። በገበያው በር የውኃ እንስራ ተሸክሞ የሚያልፍ፣ አንድ ዐይን ያለው፣ በቆዳ ሥራ የሚኖር ሰው ነበር። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀምር ለድሆችና ለበሽተኞች ውኃ ያመላልስ ነበር። ተራራው ከተነሣ በኋላ ሲፈለግ አልተገኘም። እርሱን በማሰብ ሦስት ቀን እንጾማለን። ጾመን ስንጨርስ ደግሞ «የእገሌ ዘር ቆዳ ሠሪ ነው» ብለን እጮኝነት እናፈርሳለን።

ስለ ሸክላውም ቢሆን፣ እግዚአብሔር ራሱን በሸክላ ሠሪ መስሎ በኤርምያስ በኩል ተናግሯል (ኤር. 18፥1-6)። አዳምን ከምድር አፈር ያበጀ አምላክ እጁ ጭቃ መንካቱን አላፈረበትም። ስለ ቆዳውም ሊቃውንቶቻችን ወንጌሉን፣ ስንክሳሩን፣ ድጓውን የጻፉት በብራና ላይ ነው፤ ብራናም ቆዳ ነው፤ ይፋቃል። ብዙ ጸሐፍት ብራናቸውን ራሳቸው ፍቀው፣ ራሳቸው ዳምጠው ጽፈዋል። ከበሮአችንም ቆዳ ለብሶ በቅኔ ማኅሌቱ ይመታል። ቆዳው ቅኔ ማኅሌት ገብቶ ሠሪው ከደጅ ይቀራል?

ሰበቦቻችንን እናውቃቸዋለን። «ባህል ነው» ይባላል። በመስከረም 2011 ያመሰገንነውም ባህል ነበር፤ ከባህል የሚያንበረክከውን ወስዶ የሚያስታብየውን መተው የክርስቲያን ሥራ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጆንያ አስሮ መሸከም ግን ስንፍና ነው። «ቡዳ ያስፈራል» የሚሉም አሉ። በተጠመቀ ቀን ሜሮን ተቀብቶ ልጅነት ያገኘን ሰው በዐይኑ ይበላኛል ብሎ የሚሸሽ ክርስቲያን የወንድሙን ሜሮን ትቶ የራሱንም ክዶአል። የሚከብደው ሰበብ «ቤተሰብ አይፈቅድም» የሚለው ነው፤ በእርግጥም ወጣቱን የሚያስጨንቀው እርሱ ነው። እናት ታለቅሳለች። አጎት ከሠርጉ እቀራለሁ ይላል። ወላጅን ማክበር ትእዛዝ ነውና በዚህ አንቀልድም። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለተክሊል የቀረቡትን ስለ ሃይማኖታቸው፣ ስለ ሥጋ ዝምድናቸው ይጠይቃል፤ የአባትየው እጅ ምን ሲሠራ እንደ ኖረ አይጠይቅም። ካህኑ ያልጠየቀውን አጎት ሲጠይቅ፣ የንስሓ አባት ሄዶ ለአጎት መንገር አለበት። የንስሓ አባቶቻችን ስለ ጾም የሚመክሩንን ያህል በዚህ ጉዳይ ወደ ቤታችን ገብተው ቢመክሩን ስንት ዕንባ በታበሰ ነበር!

ቅዳሜ ማታ አንድ ኩባያ ለየን እንበል። እሑድ ጠዋት ወደ አንድ ጽዋ ቀረብን። ከዚያ አንድ ጽዋ እኔም ማናውም ተቀበልን፤ አንድ እርፈ መስቀል ከአፌ ወጥቶ ወደ አፉ ገባ። ሰኞ ኩባያውን መልሼ ብለይ እሑድ የተቀበልሁትን ምን ብዬ ነው የተቀበልሁት? ሐዋርያው የጌታን ሥጋ ሳይለይ የሚበላ ፍርድን ለራሱ ይበላል ብሎ የጻፈው በማዕድ ድሆችን ላሳፈሩ ለቆሮንቶስ ሰዎች እንደ ሆነ እንዳንዘነጋ (1ቆሮ. 11፥20-29)። የመቃብሩም ነገር እንዲሁ ነው። ፍትሐቱ አንድ ነው፤ ለሁሉም የሚጸለየው ጸሎት አንድ ነው፤ አፈሩ ለየብቻ ከሆነ ያለየው ጸሎት አይደለም።

ሌሎችም መጋረጃዎች አሉ፤ ባጭሩ እንለፋቸው። የባጃጁ መስታወት በቅዱሳን ሥዕላት ተሸፍኖ እንግዳ ሰው ሲሳፈር ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ሙዝ ነጋዴው በሚዛኑ ላይ መስቀል ሰቅሎ ሚዛኑን ያዘነብላል። በስልክ ገጻችን ላይ ስለ ቅድስት ተዋሕዶ የምንጽፈው ቃል ግማሹ ስድብ ነው።

ይህ የመጨረሻው ጥቂት ያቆየናል። በጋሞ ዞን የምንኖር ከሌላ እምነት ተከታዮች ጋር በአንድ ግቢ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ ነው። ሃይማኖታችንን መጠበቅ ግዴታችን ነው፤ ለሚጠይቀን መልስ መስጠትም ታዝዘናል፤ መልሱ ግን በየዋህነትና በፍርሃት እንዲሆን በዚያው ቃል ታዝዟል (1ጴጥ. 3፥15)። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከበረቱ ሲወጡ «ማን ወሰዳቸው?» ብለን እንጮኻለን። ከመጮኻችን በፊት በእኛ ማኅበር ውስጥ የት ተቀምጠው እንደ ነበር እንጠይቅ። ለሸክላ ሠሪው ልጅ ወንበር ሳንሰጠው ኖረን ወንበር ወደሰጡት ቢሄድ፣ በክርክር ልንመልሰው የምንችል ይመስለናል? ብርብር ማርያምን የመሰሉ ጥንታውያን አድባራት በዚህ ምድር ላይ ናቸው። ጊዜ አልነበረንም ማለት አንችልም።

የጥንቶቹ ክርስቲያኖች ተመልካቾቻቸውን እንዴት እንደ ማረኩ የታወቀ ነው። የገዳማውያን አባት የተባለው አባ ጳኩሚስ በወጣትነቱ አረማዊ ነበር፤ ለጦር ሠራዊት በግድ ከተያዙት ጋር በቴቤስ ከተማ በታሰረ ጊዜ የማያውቃቸው ሰዎች ማታ ምግብ ይዘው መጡ። እነማን ናቸው ብሎ ጠየቀ፤ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ለማንም መልካም ያደርጋሉ አሉት። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ልቡ ወደ አምላካቸው ዞረ። ማንም አልሰበከውም፤ ምግብ አቅርበው ሄዱ። በጠላትም በኩል ምስክር አለን። ከ361 እስከ 363 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የነገሠው ከሓዲው ዑልያኖስ የጣዖትን አምልኮ ሊመልስ ሲደክም ለአንድ የጣዖት ሊቀ ካህናት በጻፈው ደብዳቤ፣ እነዚህ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ይመግባሉ፤ ይህም እኛን ያሳፍረናል ብሎ አማርሯል። ስለ እኛስ የሚጽፍ ጠላት ቢኖር በምን ያማርር ነበር? ነጠላችን ነጭ ነው ብሎ?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ሰዎችን በቀበረ ጊዜ፣ ጎረቤቶች የተቀበሩትን ለማውጣት እየሮጡ መጡ፤ በዶማ፣ በእጃቸውም ሲቆፍሩ መሬቱ ዳግመኛ ተንዶ እነርሱንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ለመቆፈር ከመጡት መካከል ማን ከየትኛው ዘር፣ ማን ከየትኛው እምነት እንደ ነበር በዚያ ጭቃ ላይ የጠየቀ አልነበረም። ስለ ወዳጅ ነፍስን መስጠት ከሁሉ የሚበልጥ ፍቅር መሆኑን ጌታ ተናግሯል (ዮሐ. 15፥13)። በአደጋ ቀን ይህን የምናደርግ ሰዎች መሆናችን ታይቷል። የሚያስቸግረን አደጋ የሌለበት ቀን ነው፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቡና የሚፈላበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤታችንን የምንጠይቀው ነገር ትልቅ መድረክና ድምፅ ማጉያ የሚያስፈልገው አይደለም። ሸክላ ሠሪ ቤት ለቅሶ ሲደርስ ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንሂድ፤ ተቀምጠንም የቀረበልንን እንብላ። የእነርሱ ልጆች በመዘምራኑ መካከል ከሌሉ ለምን እንደ ሌሉ የክፍሉ ኃላፊ ይጠይቅ፤ ካሉም ከኋላ ረድፍ ለምን እንደ ቆሙ ይመልከት። በሕፃናት ክፍል «ማና» እና «ደጋላ» እንደ ስድብ ሲነገሩ የሰማ መምህር በዚያች ሰዓት ትምህርቱን አቁሞ ስለ ቁርበት ፋቂው ስምዖን ይንገራቸው። የሚጋቡ ልጆች በዚህ ምክንያት ሲጨነቁ ብቻቸውን አንተዋቸው፤ ሁለት ሦስት ታላላቆች ከንስሓ አባታቸው ጋር ወደ ወላጆቻቸው ይሂዱ። አስፈላጊ ከሆነም እርጥብ ሳር ይዘው ይሂዱ። አባቶቻችን ለማያውቁት ሰው ቤት ከተንበረከኩ፣ እኛ ለአንድ ጽዋ ወንድማችን ብንንበረከክ ምን ይገርማል?

እስከዚያው ግን በየቤታችን አንድ የሸክላ ጀበና አለ። ከቅዳሴ መልስ ትጣዳለች፤ ጎረቤት ይጠራል፤ ዕጣን ይጨሳል፤ ስለ እግዚአብሔር ቸርነት ይወራል። ያችን ጀበና የሠራችው እናት ስም አላት፤ ብዙ ጊዜም ቤቷ ከእኛ ቤት ሩቅ አይደለም። በሚቀጥለው እሑድ ሄዶ የሚጠራት ከመካከላችን ማን ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።